ለአንድ ሳምንት ብቻ

ሚስ ሄስተር ብራምወል ማለዳ መጋረጃቸውን ሲገልጡ ከአተር መደባቸው ዳር ችካሎች ተተክለው አዩ። ማታ አልነበሩም። በየራሳቸው ላይ ብርቱካንማ ጥብጣብ ታስሮባቸዋል፤ ነፋሱ ያውለበልበዋል። አሮጊቷ ከችካል ወደ ችካል የሚሄደውን መስመር በዓይናቸው ተከተሉት። መስመሩ አትክልቱን መሃል ለመሃል ሰንጥቆ ወደ ቤታቸው ግድግዳ መጣ።

ቤቱ የዘበኛ ቤት ነው። ከግቢው ትልቅ በር ሥር ተጠግቶ የቆመ ሲሆን፣ ከበሩ የሚነሳው መንገድ በዋርካ በሚያህሉ ዛፎች መካከል አልፎ ሄዘርኮም ይደርሳል። ሄዘርኮም የአያታቸው ቤት ነበር። በጦርነቱ ዘመን የቆሰሉ መኮንኖች ተኙበት፤ ከዚያ የልጃገረዶች ትምህርት ቤት ሆነ፤ ጣሪያው አፍስሶ የሚያድሰው ሲጠፋ ተሸጠና ሆቴል ሆነ። ቤቱን ከእሳቸው የገዛው ሰው ያን ዕለት እጃቸውን ጨብጦ፣ «እርስዎ ግን ዕድሜ ልክዎን በዘበኛው ቤት ይኑሩ» ብሏቸው ነበር። ቃሉን ከሁለቱ በቀር የሰማ አልነበረም። ሰውዬው ሞተ፤ ሆቴሉም በሚስተር ዴዝመንድ ታፕሎ እጅ ገባ።

ታፕሎ በሸለቆው ማዶ ልጆች ግልገል በጡጦ የሚያጠቡበትን እርሻና ለጎብኚ የሚታዩ ጉጉቶች ቤት ያቋቋመ፣ በሁለቱ መካከል የምትመላለሰውንም ትንሽ ባቡር ያስገዛ ሰው ነው። በዚህ ጸደይ ሐዲዱ ከጉጉቶቹ ቤት አልፎ ወደ ሆቴሉ በር እየረዘመ መጥቶ ነበር። ሚስ ሄስተር የመዶሻውን ድምፅ በየዕለቱ ሲቀርብ ያዳምጡት ነበር።

ረፋዱ ላይ ታፕሎ በጨርቅ የተሸፈነ ሳህን ይዞ በሩን አንኳኳ።

«እንደምን አደሩ ሚስ ብራምወል! ትኩስ የቅቤ ዳቦ ነው፤ ከእንጆሪ ማርማላታ ጋር።»

«ዛሬ ምን ተገኘ?»

«ኧረ ምንም! የፍሳሽ ቱቦዎ አርጅቷል፤ ሠራተኞቹ ሰኞ ይመጣሉ። ሽታው ለጤናዎ አይበጅም። ለአንድ ሳምንት ብቻ ሆቴሉ ቢያርፉ ብዬ ነው። ልጅ ሆነው የተኙበትን ሰማያዊውን ክፍል አስጠርጌልዎታለሁ።»

«ችካሎቹስ?»

«የትኞቹ? እ... እነሱ የቀያሾቹ ናቸው። አያስቡ። ስለ ክፍሉም አይቸኩሉ፤ ፈጽሞ አይቸኩሉ።»

በዚያ አገር ሰው «አይቸኩሉ» ካለ ሰዓቱን አይቶ ጨርሷል፤ ቶሎ ይሂዱልኝ ማለቱ ነው። ሚስ ሄስተር ሳህኑን ተቀበሉና በሩን ዘጉ። ዳቦውን አልነኩትም።

ከሰዓት በኋላ የሆቴሉን ክፍሎች የምታስተዳድረው ኦልዌን ሳህኑን ልትወስድ መጣች። የዌልስ ሴት ናት፤ ምላሷ ስለት ነው።

«ይኸው፣ እንዳለ አለ! ሰው ዳቦ ቢያመጣልዎት መርዝ ይፈልጉበታል እንዴ?»

«የምፈልገው ምክንያቱን ነው።»

«ሰማያዊው ክፍል እኮ አዲስ ፍራሽ ገብቶለታል። እኔ ብሆን ሻንጣዬን አንጠልጥዬ ሮጬ ነበር።»

«አንቺማ ለፍራሽ ስትዪ አገርሽንም ትሸጫለሽ።»

«ለጥሩ ፍራሽማ ምን አጠፋሁ!»

ተሳሳቁ። ከዚያ ሚስ ሄስተር እንደ ዋዛ፣ «ክፍሉን እስከ መቼ ያዘልኝ?» ብለው ጠየቁ።

ኦልዌን ጨርቁን አጣጠፈች፤ መልሳ ዘረጋችው። «ለእንግዳ እንዳይሰጥ ታዝዘናል... እስከ ገና ድረስ።»

«ሳምንቱ ረዘመ» አሉ ሚስ ሄስተር።

እሑድ እሑድ በሄዘርኮም ቤተ መጻሕፍት ለእንግዶች ሻይ ይቀርባል፤ ሚስ ሄስተርም የቤቱን ታሪክ ያወራሉ። ያን እሑድ ክፍሉ ሞልቶ ነበር። ከእርሻው የመጡት ልጆች ጫማቸው ላይ ገለባ ይዘው ምንጣፉ ላይ ተቀምጠዋል። ታፕሎ ከኋላ ግድግዳውን ተደግፎ ቆሟል። እንግዶች ሁልጊዜ የሚወዱት የዘበኛውን የጃቤዝን ታሪክ ስለሆነ አሮጊቷ ከእሱ ጀመሩ።

«አያቴ ደግ ሰው ነበሩ። ጃቤዝ የሚባል ዘበኛቸው አረጀና የሚኖርበት ቤት ጭስ መውጫ ተሰነጠቀ። አያቴም፣ ጭሱ ይጎዳሃልና እስኪጠገን እኛ ዘንድ ግባ፣ ለአንድ ሳምንት ብቻ...»

ቃሉ አፋቸው ውስጥ ቀረ።

ታሪኩን ከአክስቶቻቸው እንደሰሙት ስንት ዓመት ተናግረውታል። ጃቤዝ ከፈረሶቹ ጋጣ በላይ ሞቅ ያለ ክፍል ተሰጠው። ሳምንቱ ሲያልቅ አሮጌ ቁልፉን ይዞ ከአዲሱ መቆለፊያ ጋር ሲታገል ታየ። ከዚያ በኋላም በየማለዳው ቆቡን አድርጎ ትልቁ በር ሥር ይቆም ነበር። አክስቶቻቸው «ጌታውን ወድዶ እኮ ነው» እያሉ ይህን ሲያወሩ እንባቸው እስኪመጣ ይስቁ ነበር፤ ትንሿ ሄስተርም አብራ ትስቅ ነበር። ለምን እንደቆመ የጠየቀ አልነበረም።

ከኋላ ታፕሎ ፈገግ ብሎ ራሱን በአዎንታ ይነቀንቃል።

«ይቅርታ አድርጉልኝ» አሉ ሚስ ሄስተር፤ «በትክክል አልነገርኳችሁም። ሚስተር ጃቤዝ በዚያ ቤት ልጆች አሳድገዋል። አያቴ ቤቱን ለወጣት ዘበኛ ፈለጉት፤ ውጡ ማለት ግን ከጨዋ ሰው አይጠበቅም። ስለዚህ ጭስ መውጫው ተሰነጠቀ። ሽማግሌው እስኪሞቱ ድረስ በሩ ሥር የቆሙት አያቴን ወድደው አልነበረም። ቤታቸውን እየጠበቁ ነበር።»

አሮጊቷ ዓይናቸውን ከእንግዶቹ በላይ አሻግረው ጣሉ።

«ሚስተር ታፕሎ፣ እኔም ነገ ለአንድ ሳምንት ውጪ ተብያለሁ። ቤቱ ከሳምንቱ በኋላ የማን ነው?»

እንዲህ ያለ ጥያቄ በዚያ ቤት በሻይ ሰዓት ተጠይቆ አያውቅም። የታፕሎ አንገት ቀላ።

«እርግጥ... የእርስዎ ነው እንጂ። ይህ ምን ጥያቄ አለው?»

«እስከ መቼ?»

ራሶች ሁሉ ወደ እሱ ዞሩ። «እንግዲህ... እስከ ዕድሜዎ ፍጻሜ» አለ።

«ሰምተናል!» አለ አንድ ወፍራም እንግዳ፣ አፉን ኬክ እንደሞላው፤ ሰዉም ሳቀ። ሚስ ሄስተር ግን አልሳቁም።

ሰኞ ሠራተኞቹ በእርግጥ መጡ። የቆፈሩት ቱቦም በእርግጥ ፈርሷል፤ አለቃቸው የተሰነጠቀውን ሸክላ አንስቶ አሳያቸው። ሚስ ሄስተር ወደ ሆቴሉ አልሄዱም፤ ካፖርታቸውን ለብሰው፣ መሐረብ አፍንጫቸው ላይ ይዘው፣ ደጃፋቸው ላይ ወንበር ዘርግተው ውለዋል። ቱቦው እውነት መሆኑ አላጽናናቸውም። ማታ ማታ በሩን ቆልፈው ቁልፉን ትራሳቸው ሥር አደረጉ። ሥራው አልቆ ጉድጓዱ ሲደፈን ችካሎቹን ሊነቅል የመጣ የለም። ስለዚህ ራሳቸው ነቀሏቸው፤ ጥብጣቦቹን ፈትተው ችካሎቹን ለአተሩ መደገፊያ አደረጓቸው።

አተሩ አበባ ሲያወጣ ታፕሎ ሳህኑን ይዞ ተመለሰ። በመስኮቱ በኩል ተቀበሉት። እንጨቶቹን አየና አወቃቸው።

«ባቡሯ ታዲያ የት ትቁም?» አለ። ነገሩን ሳያለሳልስ ሲጠይቃቸው የመጀመሪያው ነበር።

«ከበሩ ውጭ።»

«እዚያ መጠለያ የለም፤ ልጆቹ በዝናብ ይበሰብሳሉ። ምናልባት ከአትክልቱ ጥግ ትንሽ ብቻ፣ ለጊዜው...»

ሚስ ሄስተር እጃቸውን የመስኮቱ መዝጊያ ላይ አሳረፉ።

«አይቸኩሉ፣ ሚስተር ታፕሎ» አሉ። «ፈጽሞ አይቸኩሉ።»

የዚያው አገር ሰው ነውና ገባው። ባርኔጣውን አድርጎ ሄደ።