ቅሬ የጠራ ዕለት

ማረው ከሦስተኛ ፎቅ ወደቀ። አልሞተም። ደሴ ሆስፒታል ወስደው አስተኝተውታል፤ እግሮቹ ግን እስካሁን አልተንቀሳቀሱም።

ሶፊ ወሬውን የሰማችው በማግስቱ ጠዋት፣ ወደ ኮምቦልቻ በሚወርድ ሚኒባስ ውስጥ ሆና ነው። የደወለላት የሕንፃው ኃላፊ ኢንጂነር እንየው ነበር።

«ቶሎ ድረሺ። ስልጠና ትሰጫቸዋለሽ።»

«ምን ላይ?»

«ሄልሜትና ቀበቶ ላይ ነዋ! ሰውዬው ቀበቶ አላሰረም። እንደጨረስሽ ሥራ ይገባሉ።»

ሶፊ የኮንትራክተሩ ሴፍቲ ናት። ሕንፃ ለሕንፃ እየዞረች ከአደጋ ተጠበቁ ትላለች። ሰው የሚሰበሰብላት ለስላሳ ስለሚታደል መሆኑን ታውቃለች።

ስትደርስ በቀጥታ ወደ ወደቀው ነገር ሄደች። የፊት ለፊቱ ርብራብ፣ ባሕር ዛፉ ከነጣውላው፣ ግቢው ላይ ተዘርሯል። ማረው ብቻውን አልወደቀም፤ የቆመበት ርብራብ ነው ይዞት የወረደው። ቀበቶስ ቢያስር ኖሮ? የሚያስረው እዚያው ግንድ ላይ አይደል! ጎንበስ ብላ ርብራቡን ከግድግዳው ጋር የሚይዘውን ሽቦ አየች። አልተበጠሰም። ተፈትቷል። በፒንሳ፣ ሙያ ባለው እጅ።

ቀና አለች። የጀርባው ርብራብ እንደቆመ ነው። ለሚያየው ደህና ነው። ትናንት የፊቱም ደህና ነበር።

ሠራተኞቹ አሸዋው ላይ ተቀምጠው ጠበቋት።

«እህቴ፣ ዛሬ ለስላሳ የለም?» አለች ስሚንቶ የምታመላልሰው ሐዋ።

«የለም።»

«እንግዲያ አሳጥሪዋ!»

አንዳንዱ ሊስቅ ቃጣውና ተወው።

«ሽቦውን ማን ፈታው?» አለች ሶፊ።



«ለፖሊስ ልሰጠው አይደለም» አለች ቀጥላ። « ጀርባውም ላይ የተፈታ ካለ ልወቅ ብዬ ነው። አሁን ከዚህ ስትነሱ ባልዲ ተሸክማ እዚያ የምትወጣው ሐዋ ናት።»

«ቀደር ነው» አለ አንዱ ከኋላ። «አላህ የጻፈው ነው።»

«አንተ ደግሞ!» አለች ሐዋ ዞራ። «የምወጣው እኔ፣ ቀደር የምትቆጥረው አንተ!»

ከዚያ በኋላ ሁሉም የትም የትም ያያል፤ አንድ ቦታ ብቻ አያይም። ሶፊ ወደዚያ አየች። ሸረፈዲን ተቀምጠዋል፤ ጢማቸው በሂና የቀላ፣ ከለሳኞቹ ሁሉ ታላቁ። ግማሹን ሠራተኛ የልስን ካዙላ አያያዝ ያስተማሩት እሳቸው ናቸው። እሳቸውን የሚጠቁም ጣት እዚያ ግቢ ውስጥ አይገኝም።

«ጋሽ ሸረፈዲን፣ እርስዎ ያውቃሉ?»

«እኔ ነኝ።»

«አባባ፣ ተዉ!» አለች ሐዋ።

«ልናገር ተይኝ። ሽቦው ልስን አያስኬድም። እንፈታዋለን፣ ቦታውን እንለስናለን፣ መልሰን እናስረዋለን። ሁልጊዜም እንዲሁ ነን። ትናንት ፈትቼ እየለሰንኩ ቅሬ ለቀብር ጠራ። ደጋን የጎረቤታችን እናት ሞቱ። ተነስተን ሄድን።»

«ሳያስሩት?»

«ቅሬ ጠርቶ ማን ቆሞ ሽቦ ያስራል ልጄ? የሰው ቀብር የቀረ የሱን ሬሳ ማን ያነሳለታል?» እጃቸው ላይ የደረቀውን ስሚንቶ መፋቅ ጀመሩ። «የማረው ቅሬ ደሴ፣ ሆጤ ነው፤ የኛ አልጠራውም። ከምሳ ሲመለስ ሥራው በጅምር ቆሞ አገኘው። ሊጨርስልኝ ወጣ። ሊያግዘኝ።»

ሶፊ የምታስተምርበት መጽሐፍ ስለ ነፋስ አለው፣ ስለ ዝናብ አለው፣ ስለ ኤሌክትሪክ አለው። ስለ ቅሬ፣ ስለ ቀብር ዕድሩ፣ የለውም። ጎረቤቷ ቅሬ ሲጠራ ወጥ እሳት ላይ ጥዳ ስትሮጥ፣ ሶፊ ስንቴ ገብታ አውርዳላታለች። እዚህም እንደ ወጡ፣ ጥለውት የሄዱትን ሽቦ የሚያስር ሰው ያስፈልጋል ብላ ግን አስባ አታውቅም።

«ጀርባውስ?»

«ትናንት ጠዋት እዚያ ነበርኩ። የፈታሁት አለ። መልሼ ያሰርኩት ይመስለኛል።»

«ይመስለኛል?»

«ወላሂ አላስታውስም። ያሰርኩት የትናንቱን ይሁን የከትናንት ወዲያውን፣ ተምታታብኝ።»

እንየው እየተጣደፈ መጣ። «አልጨረስሽም? የተቦካው ስሚንቶ ሊደርቅ ነው!»

«ጀርባው ላይ ሰው አይወጣም። መጀመሪያ ከውስጥ፣ በየመስኮቱ፣ እያንዳንዱ ሽቦ ይታያል።»

«ቀኑን ሙሉ ሊፈጅ! ባለቤቱ ከሰዓት ይመጣል እኮ።»

«ይምጣ።»

«ስሚ ሶፊ፣ የተጠራሽው ልታሰለጥኚ ነው። ሥራ አስቁሚ ያለሽ የለም።»

«እኔ የፈታሁትን እኔው ወጥቼ አያለሁ» አሉ ሸረፈዲን። ቆመዋል።

«ይኸው!» አለ እንየው። «የሚያውቁት እሳቸው ናቸው። ይውጡና ይጨርሱት፣ አለቀ!»

ሸረፈዲን ጀርባው ጋ ወደተደገፈው መሰላል ሄዱ። ፒንሳ እንኳ አልያዙም። ሶፊ ፊታቸውን አየችው። ሽቦ ሊያስር የሚሄድ ሰው ፊት አልነበረም።

«ጋሽ ሸረፈዲን፣ ይቅርብዎ።»

«ተይኝ ልጄ። ሐዋ ከምትወድቅ እኔ ልውደቅ።»

«በነቢ ይዣችኋለሁ፣ አንድ ሰው ይያዛቸው!» ጮኸች ሐዋ። ወንዶቹ እርስ በርስ ተያዩ። በሸረፈዲን ላይ ማን እጁን ያነሳል?

«ቢስሚላህ» አሉና ወጡ። አንድ ደረጃ። ሁለት።

ሶፊ ሮጠች። ጃኬታቸውን ከኋላ በሁለት እጇ ጨምድዳ ጎተተቻቸው። አሸዋው ላይ በቂጣቸው ተቀመጡ፤ ኮፊያቸው ወልቆ ወደቀ።

«ኧረ! አንቺ!» አለ ግቢው። «ሽማግሌ ይጎተታል? ባለጌ!»

ኮፊያውን አነሳች፤ አሸዋውን አራግፋ ሰጠቻቸው። መሰላሉን ከግድግዳው አላቀቀች፤ መሬት ላይ አጋድማ ተቀመጠችበት።