አሥራ አንድ እራፊ

ልብስ ሰፊዋ ስለ ልዕለ ጀግና ፊልሞች ያላትን አስተያየት ለመስጠት እስኪጠይቋት ጠብቃ አታውቅም። ልኩን የሚያስወስድ ደንበኛ እጁን ዘርግቶ ስለሚቆም ማምለጫ የለውም፤ እሷም ሜትሩን ደረቱ ላይ ጠምጥማ ትጀምራለች።

"በዘመኑ ፊልም ከተማ ሲፈርስ የሚጠርግ ሰው አይተህ ታውቃለህ? ሃያ ፎቅ ይናዳል፣ ጀግናው ይቀልዳል፣ በቃ! ጭምብሉንስ በየደቂቃው የሚያወልቀው ምን ነክቶት ነው? ሊያወልቀው ለምን አጠለቀው?"

ወደ ቴሌቪዥን ተከታታዮቹ ከተሻገረች ደግሞ ሱሪ ሊያሳጥር የመጣ ሰው ጢሙ አድጎ ይወጣል። አሥር ክፍል ሠርተው ስምንቱን ኮሪደር ላይ ቆመው የሚያወሩ ሰዎች እሷ ዘንድ ምሕረት የላቸውም።

ይህ ሁሉ ምላስ ከሜዳ የመጣ አይደለም። ከዘጠኝ ዓመቷ ጀምሮ "ነፋሴ" የሚባለውን የኮሚክ መጽሔት አንብባለች፤ አሁን ሃምሳ ስምንት ሆኗታል። ነፋሴ ከነፋስ ጋር የሚበር፣ አክስቱ ያሳደገችው ወላጅ አልባ ነው። በተመታ ቁጥር ካባው ይቀደዳል፤ አክስቱም አዲስ አትገዛለትም፣ ትጥፍለታለች። ልብስ ሰፊዋ መርፌ የያዘችው በዚያች አክስት ምክንያት ነው። መጽሔቶቹ ከመቁረጫው ጠረጴዛ ሥር በቆርቆሮ ሳጥን ተቀምጠዋል፤ ታላቅ ወንድሟ፣ ጡረታ የወጣው ሹፌር፣ ሳጥኑን "የልጅነት ሬሳ ሳጥን" እያለ ይቀልድበታል።

ስለዚህ የእህቷ ልጅ፣ በቴሌቪዥን ጣቢያ የግርጌ ጽሑፍ ተርጓሚ የሆነችው፣ "አክስቴ፣ ነፋሴ ፊልም ሆኖ ተገዝቷል፤ አሥራ ሁለት ክፍል ነው፣ የምተረጉመውም እኔ ነኝ" ስትላት ልብስ ሰፊዋ ደስታም ፍርሃትም ያዛት። ደስታው ይታወቃል። ፍርሃቱ ግን አርባ ዘጠኝ ዓመት የወደደችውን ነገር በአደባባይ እንዳያዋርዱባት ነበር።

የፈራችው ደረሰ። የመጀመሪያዎቹ ሁለት እሑዶች ያማሩ ነበሩ። ከሦስተኛው ጀምሮ ግን ታሪኩ እንደ ሰካራም መንገድ ሳተ። በአራተኛው ክፍል፣ ጋራዥ ውስጥ፣ አክስትየው ካባውን ይዛ "የድልድዩን ቀዳዳ ዛሬ ነው የምጥፍልህ" አለች፤ ተመልካች ደግሞ ድልድይ የሚባል ነገር አላየም። ጣቢያው በስልክ ተጨናነቀ። የካባው እራፊዎችም አንድ ሳምንት ስድስት፣ በሳምንቱ አራት ይሆናሉ። ልብስ ሰፊዋ ይህን ስታይ ደሟ ፈላ። "ያልኩት ይኸው ነው! የዘመኑ ፊልም ሠሪ ለልብስ ደንታ የለውም!"

"ይኸው የዕድሜ ልክ ፍቅርሽ" አለ ወንድሟ ሶፋው ላይ እግሩን ዘርግቶ። "ወንጀለኛው ሞቶ፣ በሳምንቱ ተነሥቶ ቁርስ በላ።"

ልብስ ሰፊዋ ተነሥታ ቴሌቪዥኑን አጠፋችው። አፍራ ነበር።

ስድስተኛው ክፍል በታየ በማግስቱ የእህቷ ልጅ ዓይኗ አብጦ ሱቅ መጣች። የፕሮግራም ኃላፊው ሐሙስ ስብሰባ ጠርቷል። ተከታታዩ ሊቋረጥ ነው፤ ለተመልካች የሚነገረውም ምክንያት "የትርጉም ጉድለት" ነው።

"ድልድይ የሚለውን ከራሴ የጨመርኩት ነው አሉ" አለች እንባዋን እየዋጠች። "እኔ ያለውን ነው የጻፍኩት። ነገሩ ተምታቶብኝ ስጠይቃቸው፣ 'የፊልም ሰዎች እንዲህ ናቸው፣ አንቺ ዝም ብለሽ ተርጉሚ' አሉኝ። በዚህ ስም ከወጣሁ ማን ይቀጥረኛል?"

ልብስ ሰፊዋ የስፌት መኪናዋን አቆመች። ነገር ከሥሩ፣ ውሃ ከጥሩ ነው። "ያን ኮምፒውተርሽን ክፈቺው። አሥራ ሁለቱንም አሳዪኝ።"

የቤቷ ቴሌቪዥን ያላሳያትን ያ ስክሪን አሳያት። ካባው ሲቀርብ የእራፊዎቹ ጠርዝ ወደ ውስጥ ታጥፎ፣ በእጅ፣ ጥቅጥቅ ብሎ ተሰፍቷል። የቆዩት እራፊዎች ደብዝዘዋል፣ የቅርቦቹ ክር ገና ያብረቀርቃል። የት አገር እንዳለ የማታውቀው አንድ ልብስ ሰፊ መጽሔቱን ገጽ በገጽ አጥንቶ፣ ለእያንዳንዱ ክፍል ለየብቻ ካባ አዘጋጅቷል። እንዲህ ያለ ሰው ስድስቱን እራፊ አራት አያደርግም። ልብስ ሰፊዋ እጇን አፏ ላይ ጫነች። ሳታየው አራት ሳምንት ሙሉ የሰደበችው የሙያ ወንድሟን ነበር።

"ልብሱ አልተሳሳተም" አለች ቀስ ብላ። "የተጣፈ ነገር ወደ ኋላ አይመለስም። የተሳሳተው ቅደም ተከተሉ ነው።"

ከዚያ ጨርቄን ማቄን ሳትል ሥራ ጀመረች። የደንበኛ ኮት ወደ ጎን ተገፋ። በየክፍሉ እራፊ ተቆጠረ፣ ቦታው ተመዘገበ፣ ከሳጥኑ መጽሔት ወጥቶ ተመሳከረ። ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ዝርዝሩ አለቀ፤ ምንም እራፊ ከሌለበት ካባ አሥራ አንድ እራፊ እስካለበት ድረስ፣ አሥራ ሁለት ክፍል።

ሐሙስ ጠዋት ጥሩውን ቀሚሷን ለብሳ ከእህቷ ልጅ ጋር ጣቢያው ደረሰች። የስብሰባው ክፍል ረጅም ጠረጴዛ፣ ትልቅ ስክሪንና ስድስት የተሰላቹ ሰዎች ነበሩበት። ኃላፊው ነገሩን ሰምቶ ፈገግ አለ።

"እናቴ፣ ሰው ፊልም የሚያየው እራፊ ሊቆጥር ነው?"

"ሊቆጥርም ይችላል። እርስዎ ባይቆጥሩ ነው እዚህ የደረስነው" አለች ልብስ ሰፊዋ። "ሠሪዎቹ ፊልሙን ሲልኩ የቅደም ተከተል ወረቀት አልላኩም?"

ኃላፊው ፋይሉ እንዲመጣ አዘዘ። ጸሐፊዋ ወጥታ ፋይል ይዛ ተመለሰች። ወረቀቱ ነበር፤ ማንም አልገለጠውም እንጂ። ፊልሞቹ ላይ የተጻፈው ቁጥር የተቀረጹበት ተራ ኖሯል፤ ጣቢያው በዚያው ቁጥር ሲያስተላልፍ ከርሟል። ጸሐፊዋ ወረቀቱን ጮክ ብላ ማንበብ ጀመረች፣ ተርጓሚዋ የአክስቷን ዝርዝር በጣቷ ትከተላለች። አንደኛው ገጠመ። ሁለተኛው ገጠመ። ሦስተኛው፣ አራተኛው... ስምንተኛው ላይ ሲደርሱ ስድስቱም ሰዎች ወንበራቸውን አስጠግተው ነበር።

"ዘጠነኛ፣ ጋራዡ። አሥረኛ፣ ድልድዩ" አነበበች ጸሐፊዋ።

በልብስ ሰፊዋ ዝርዝር ድልድዩ ዘጠነኛ፣ ጋራዡ አሥረኛ ነበር። ኃላፊው የሚይዘው አገኘ። "አዩ? እዚህ ላይ ተሳስተዋል።"

የእህቷ ልጅ ክንዷን ጎተት አደረገቻት። ልብስ ሰፊዋ ግን ፍንክች አላለችም።

"ወረቀቱ ነው የተሳሳተው።"

"የሠሩት ሰዎች ወረቀት?"

"የጻፈውና የሰፋው አንድ ሰው አይደለም። እኔ የሰፋውን ነው የማምነው። ሁለቱንም ይክፈቱልኝ።"

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ እሷ ግን ተረቱን በሆዷ ያዘችው። ድልድዩ ተከፈተ፣ ካባው ሲዘረጋ ምስሉ ቆመ። ኃላፊው ራሱ ተነሥቶ በጣቱ ቆጠረ፤ ስምንት። ጋራዡ ተከፈተ። በመጀመሪያ ስምንት ሆኑ፤ ከዚያ አክስትየው መርፌዋን ይዛ ቀረበችና "የድልድዩን ቀዳዳ ዛሬ ነው የምጥፍልህ" የሚለው ጽሑፍ ከግርጌ ወጣ። ዘጠነኛዋ እራፊ በሁሉም ፊት ተሰፋች።

ከስድስቱ አንዱ ሳያስበው አጨበጨበ። ኃላፊው ፊቱ ቀላ፤ ተርጓሚዋን የወቀሰባት ዓረፍተ ነገር ይህችው ነበረች። ግን ሰው ነበረና ወደ ተርጓሚዋ ዞረ።

"ስህተቱ የኛ ነው። የኔ ነው። ትርጉምሽ እንከን የለውም፤ በሰው ፊት እንደተናገርኩት በሰው ፊት እመልሰዋለሁ። እሑድ ከአንደኛው ክፍል እንደገና እንጀምራለን፣ በእሳቸው ዝርዝር። ከዜናው በፊት ስህተቱ የጣቢያው እንደነበር ይነገር።"

ተርጓሚዋ የአክስቷ ትከሻ ላይ ተደፍታ አለቀሰች፤ ይህኛው የሌላ ዓይነት እንባ ነው። ልብስ ሰፊዋ ግን ልታለቅስ አልቻለችም፣ ደስታዋ ከእንባ በልጦ ነበር። የወደደችው ነገር አላዋረዳትም። እሷም አላዋረደችውም።

ዝርዝሯን አጣጥፋ ቦርሳዋን ስታነሣ ኃላፊው ጠራት።

"አንድ ጊዜ... በሌሎቹ ፊልሞቻችን ላይስ ያስተዋሉት ነገር አለ?"

አርባ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ይህን ጥያቄ ማንም ጠይቋት አያውቅም። ደንበኞቿ በሰዓት ያመካኛሉ፣ ወንድሟ ጆሮ ዳባ ልበስ ይላል። ልብስ ሰፊዋ ወንበሩን ሳበች፣ ተመቻችታ ተቀመጠች፣ ቀሚሷንም ጉልበቷ ላይ አስተካከለች።

"ብዕር አላችሁ?" አለች።