በወረቀት መንታ

እኔና ምናሴ መንታ ነን፤ በወረቀት። በእውነቱ እናታችን እሱን ስትወልድ እኔ ሁለተኛ ክፍል ነበርኩ። ምጥ ሲይዛት ጎረቤት ቤት ወሰዱኝና ሹሮ በልቼ እዚያው ዋልኩ። መንታው ሲወለድ ሹሮ ይበላ የነበረ ሰው ከእኔ ሌላ ያለ አይመስለኝም።

ይህን ያመጣው አባታችን ነው፤ ነፍሱን ይማረው። ዲቪ ደርሶት ፎርም ሲሞላ፣ ይዞ መሄድ የሚችለው ሃያ አንድ ዓመት ያልሞላውን ልጅ ብቻ እንደሆነ ነገሩት። ምናሴ ሃያ ዓመት ከሰባት ወሩ ነበር። እኔ ሃያ ስምንትን አልፌያለሁ። አባቴ እኔን ጥሎ ለመሄድ አንጀቱ እንቢ አለው። ዕድሜዬን ልቀንስ ቢል እንኳ ምናሴን ልበልጠው የምችለው በአምስት ወር ነው፤ በአምስት ወር ልዩነት ሁለት ጊዜ የምትወልድ ሴት ደግሞ የለችም። ሁለት ቀን አሰበና መንታ አደረገን። የኤምባሲው ቀጠሮ ዕለት ጠዋት ሁለቴ ተላጭቼ ገባሁ።

ይኸው አሜሪካ ከገባን ሠላሳ ዓመት ሊሞላን ነው። ዜግነት ስንወስድ እጃችንን አንስተን የማልነውም በዚያው በወረቀቱ የልደት ቀን ነው። ከሚስቴ ከስሂን በቀር እውነቱን የሚያውቅ አልነበረም። ልጄ ሀሴት «ለምን ከአጎቴ ቀድመህ ሸበትክ?» ስትለኝ «የእናትሽ ንዝንዝ ነው» እላት ነበር።

ጉዱን ያመጣችው እሷው ናት። ሀሴት ሃያ አምስት ዓመቷ ነው፤ ከፖቶማክ ወንዝ ማዶ፣ አሌክሳንድሪያ ብቻዋን ትኖራለች። ባለፈው መጋቢት አንድ እሑድ፣ ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣ እኔንና ምናሴን ቤቷ ጠርታ ጠረጴዛው ላይ ካርታ ዘረጋች። ሃምሳ ዓመታችሁን ሒማላያ ላይ እናከብራለን አለች፣ በእንግሊዝኛዋ፣ እያጨበጨበች።

ዘጠኝ ቀን በእግር። መኪና የማይገባባቸው መንደሮች፣ ከመንደር መንደር ገደል ላይ የተንጠለጠሉ ድልድዮች። ስድስተኛው ቀን ላይ አምስት ሺህ አንድ መቶ ሜትር ከፍታ ያለው መተላለፊያ አለ። ጣቷን ካርታው ላይ እያስኬደች፣ እዚህ ስልክ አይሠራም፣ እዚህ ሐኪም የለም፣ ከዚህ እስከ መኪና መንገድ ሦስት ቀን ነው ስትል ዓይኗ በደስታ ያበራል።

«እኛ እኮ የደጋ ሰዎች ነን፤ ከፍታ ደማችን ውስጥ ነው» አለ ምናሴ። ጉለሌ ተወልዶ ያደገ ሰው ነው፤ በዕድሜው የወጣው ትልቁ ተራራ እንጦጦ ነው፣ እሱንም በታክሲ።

ሀሴት ኮምፒውተሯን ከፍታ የአስጎብኚዎቹን ፎርም መሙላት ጀመረች። አንዱን ጥያቄ ጮክ ብላ አነበበችው፤ ከሃምሳ አምስት ዓመት በላይ የሆነ ተጓዥ የልብ ምርመራ ውጤት ማቅረብ አለበት ይላል። «ናት አፕሊከብል»፣ አይመለከታቸውም፣ ብላ ሁለታችንንም አሳለፈችን። እኔ ሃምሳ ሰባት ዓመቴ ነው።

የምሠራው ሲልቨር ስፕሪንግ፣ አንድ ባለ ስምንት ፎቅ ፓርኪንግ ውስጥ ነው። ደረጃ ስወጣ ደረቴን ጨምድዶ የሚይዘኝ ነገር ከጀመረኝ ወር አልፎት ነበር። ግራ ክንዴም ይደነዝዛል። ጨጓራ ነው ብዬ ሚጥሚጣ ተውኩ። ሐኪም ዘንድም ሄጄ ነበር፤ ዕድሜዬን ከኮምፒውተሩ አየና፣ ገና አርባ ዘጠኝ ነህ፣ ቃር ነው ብሎ ኪኒን አዘዘልኝ። እውነቱ ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። ግን ለሐኪም የነገሩት ነገር ይጻፋል፤ የተጻፈ ደግሞ የት እንደሚደርስ ማን ያውቃል? ፈራሁ፤ አመስግኜ ወጣሁ።

ያን እሑድ ምናሴ በመኪናው ሲመልሰኝ፣ ፖቶማክን ተሻግረን ሜሪላንድ እንደገባን አልቻልኩም፤ ተናገርኩ።

«ምናሴ፣ ለሀሴት እንንገራት።»

«ምኑን?»

«ዕድሜዬን ነዋ።»

መሪውን ጨበጠ። «አብደሃል ልሳነወርቅ? በዚህ ጊዜ? የድሮ ፋይል እየጎተቱ ዜግነት ይነጥቃሉ እየተባለ? የብሩክታይት ኬዝ እኮ ገና ፔንዲንግ ነው። ያንተ ወረቀት ከተነካ የእኔም ይነካል።» ብሩክታይት ባለፈው ዓመት አዲስ አበባ ሄዶ ያገባት ሚስቱ ናት፤ ቪዛ እየጠበቀች ነው።

«ደረቴን ያመኛል ስልህ!»

«ቃር ነው ብሎሃል አይደል ዶክተሩ? ቀስ ብለህ ትወጣለህ። ቦርሳህን እኔ እሸከምልሃለሁ።»

በጣም ተናደድኩበት። ግን እሱም ፈርቷል።

በሌላ መንገድ ላመልጥ ሞከርኩ። ለሀሴት ደውዬ ጉልበቴን ያመኛል አልኳት። አጎቴ ምናሴ በሳምንት አራት ቀን ይሮጣል፣ መንታው አይደለህም እንዴ ብላ ሳቀችብኝ። ሥራ ላይ ቁጭ ባልኩበት ስድስተኛው ቀን ይታየኝ ጀመር። የማላውቀው መንደር፣ የማላውቀው ሰው ደጃፍ ላይ ወድቄ፣ ሀሴት በሁለት እጇ ደረቴን ትጫናለች፣ ትጮኻለች፣ የሚሰማት የለም። ከመሞቴ ይልቅ ልጄ እዚያ ከሬሳዬ ጋር ብቻዋን ቀርታ ሳስባት ነበር የሚብስብኝ።

ልምምዱን በሚያዝያ፣ አንድ ቅዳሜ ጠዋት፣ እኔው በምሠራበት ፓርኪንግ ደረጃ ላይ ጀመርን። ሀሴት በየቦርሳችን የውሃ ጠርሙስ ሞልታበታለች። ምናሴ ቦርሳዬን ሊቀበለኝ እጁን ሲዘረጋ «ኖ ቺቲንግ!» ብላ እጁን መታችው። የመጀመሪያውን ዙር እንደምንም ወጣሁ። በሁለተኛው፣ አምስተኛው ፎቅ ላይ፣ ያ ነገር መጣና ደረቴን ያዘ፤ አልለቅም አለ። ላቤ ቀዘቀዘ። የደረጃውን ብረት ልይዝ ስል እጄ ሳተው።

ከወደቅሁ በኋላ የሀሴትን ድምፅ እሰማለሁ፤ ናይን ዋን ዋን ደውላ አድራሻ ትነግራለች። የአምቡላንስ ሰዎች ሲደርሱ ሸሚዜን ቀደው ገመድ እየለጠፉብኝ ዕድሜዬን ጠየቁ። አፌ አልታዘዝ አለኝ።

«ፎርቲ ናይን» አለች ሀሴት ፈጠን ብላ።

ምናሴ አጠገቤ ተንበርክኮ እጄን ይዞ ነበር። «ጋሼ!» አለ። «ጋሼ፣ ዓይንህን ግለጥ! ጋሼ!»

ይህን ስም ሠላሳ ዓመት አልሰማሁትም። ቦሌ፣ አውሮፕላን ልንሳፈር ስንል፣ አባቴ ምናሴን ክንዱን ይዞ «ከአሁን ወዲያ ጋሼ የሚባል የለም፤ መንታ መንታውን ጋሼ አይልም» ብሎ ከልክሎት ነበር። እሱም እሺ ብሎ በስሜ ጠራኝ፤ እስከዚያች ቅዳሜ ድረስ። አሁን ወደ ሰዎቹ ዞሮ፣ እንባው እየወረደ፣ በእንግሊዝኛ ጮኸ፤ «ሃምሳ ሰባት ነው! ወንድሜ ሃምሳ ሰባት ዓመቱ ነው!»

አንደኛው ሰውዬ ምናሴን አየው፣ ሀሴትን አያት። ከዚያ ተሸክመውኝ ወረዱ።

ሆስፒታል የተዘጋውን የልቤን ደም ሥር ከፈቱልኝ። ሐኪሟ የተራራውን ጉዞ ስትሰማ ራሷን ነቀነቀች፤ እዚያ ብትሆን ኖሮ በሕይወት ሐኪም ዘንድ አትደርስም ነበር አለችኝ። ስሂን ከሥራ እየመጣች ነበር። ምናሴ ኮሪደር ላይ ለሀሴት ሁሉንም ነግሯታል፤ ስትገባ ከፊቷ አወቅሁ። ቁጣዋን ጠበቅሁ። ውሸታም ብላ ብትጮህብኝ መብቷ ነው፤ እንዲያውም ብትጮህ ደስ ባለኝ።

አልጮኸችም። በሩን ገርበብ አድርጋ ኮሪደሩን ወዲያና ወዲህ አየች። ዘጋችውና መጥታ ጆሮዬ ሥር ጎንበስ አለች፤ በአማርኛ ተናገረችኝ። ይህች ልጅ ትምህርት ቤት ከገባች ጀምሮ የምትመልስልኝ በእንግሊዝኛ ነው። ለምኛት፣ ተቆጥቻት፣ ቸኮሌት ገዝቼላት አልሆነልኝም ነበር።

«ላይሰንስህን ጠየቁኝ» አለች፣ ቃሉን አንድ በአንድ እየፈለገች፤ የወረቀቱ ዕድሜዬ ያለበትን መንጃ ፈቃድ ማለቷ ነው። «የለም አልኩ። እዚህ ነው፣ ካልሲዬ ውስጥ። አባ፣ ነርሷ የቱን ዕድሜ ጻፈች?»

እጇን ያዝኩት፤ በረዶ ሆኗል። እዚሁ ሲልቨር ስፕሪንግ የተወለደች፣ ፖሊስ ሲያስቆማት ቀና ብላ የምትከራከር፣ ገደል ላይ በተንጠለጠለ ድልድይ ልትሄድ ያጨበጨበች ልጅ፣ አሁን ዓይኗን ከበሩ መንቀል አቃታት። እንደዚያ ፈርታ አይቻት አላውቅም፤ እኔም እንደዚያ ፈርቼ አላውቅም።

«አላውቅም የኔ እናት» አልኳት። «ድምፅሽን ቀንሺ።»