ደረቅ መሆን የነበረበት ቀለበት

ማጠንጠኛዬን የወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ አድርጌ መፍታት ስጀምር የፈለግኩት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ በሰው ፊት ምን እንዳዋረደኝ ማወቅ። ማጠንጠኛ ማለት ዓሣ ማጥመጃ ዘንግ ላይ የሚታሰር፣ በመዳፍ የሚያዝ፣ ክር የሚጠመጠምበት ዕቃ ነው። ጠዋት ካፒቴኑ ፊት ስወረውር የክሩ ከበሮ እንደ እብድ ሾረ፤ ክሩም ከሚሄድበት ፍጥነት በላይ እየተተረተረ እዚያው ተተበተበ። ደጋግሜ ወረወርኩ፣ ደጋግሞ ተተበተበ። ካፒቴኑ ወር ሙሉ ከወደብ ርቆ በሚቆየው ጀልባው ላይ እንግዶቹን ዓሣ የሚያስጠምድለት ሠራተኛ ይፈልግ ነበር። «በይ ሌላ ጊዜ» ብሎ አሰናበተኝ። ከልጅነቴ ጀምሮ ስወረውር የኖርኩ ሰው ነኝ እኮ! መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

አባዬ ዳር ቆሞ ያይ ነበር። ሮጦ መጥቶ ዘንጉን ተቀበለኝና «አይዞሽ፣ ቀኑ ያንቺ አልነበረም» አለኝ። እኔ ሞኟ ትከሻው ላይ ተደፍቼ አለቀስኩ።

ማጠንጠኛ ማጽዳትና መጠገን ያስተማረኝ እሱ ነው። የማዞሪያውን ጥርሶች ስስ ግራሶ ቀቢ፣ ለኩሽኔታው ጠብታ ዘይት ይበቃዋል፣ ፍሬኑ ግን ደረቅ ይሁን እያለ ነው ያሳደገኝ። ከፈተናው በፊት ባለው ቀን እንኳ «አንቺ አረፍ በይ፣ እኔ አጸዳልሻለሁ» ብሎ ማጠንጠኛውን ከእጄ ወሰደው።

የጎኑን ክዳን በካቻቪቴ ከፈትኩ። ከጥርሶቹ ላይ አሮጌው ግራሶ ተጠርጎ አዲስ ተቀብቷል። ኩሽኔታዎቹን በጣቴ አሽከረከርኳቸው፤ ድምፅ የላቸውም። ክሩን ግራና ቀኝ የሚመራው ጠመዝማዛ ብረት እንኳ በጥርስ ብሩሽ ተፍቆ ያበራል። አባዬ የሠራው ነገር እንከን አይወጣለትም።

ከዚያ የፍሬኑን ቀለበት አየሁ። ከበሮው ሲፈጥን ምስር የሚያካክሉ የፕላስቲክ ቁርጥራጮች ወደ ውጭ ወጥተው ይህን ቀለበት እየታከኩ ያዘገዩታል። ቀለበቱ ያብለጨልጫል። በጣቴ ነካሁት፤ ዘይት ነው። የመኪና ፍሬን ሸራ ዘይት ሲነካው ይይዝ እንደሆነ ሹፌር ጠይቁ።

መጀመሪያ ለአባዬ ጠበቃ ቆምኩለት። ከኩሽኔታው ፈስሶ ይሆናል፣ ዓይኑም ደክሟል አልኩ። ቁርጥራጮቹን በወረንጦ አንድ በአንድ ነቀልኳቸው። ሁሉም ከሥራቸው ጭምር ዘይት ተቀብተዋል። የፈሰሰ ዘይት እዚያ አይገባም። ዓይኑ የደከመ ሰውም እነሱን ነቅሎ መልሶ አይተክልም።

«አባዬ!»

ፎጣ ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ ገባ።

«ፍሬኑን ማነው ዘይት የቀባው?»

ጠረጴዛውን አየ። ወንበር ስቦ ተቀመጠ። «እኔ ነኝ» አለ፤ አልካደም።

«ለምን?»

«ልትሄጂ ነዋ።»

«ለሥራ ነው እንጂ ልጠፋ ነው? በየወሩ እመጣ አልነበር?»

«ወንድምሽም እንዲሁ ብሎ ነው የሄደው።»

«እኔ እሱ ነኝ?»

«እሱም ጥሩ ልጅ ነበር። እናትሽን እንኳ አልቀበረም።»

«አትሂጂብኝ ማለት አቅቶህ ነው ታዲያ?»

«ብልሽ ትቀሪ ነበር?»

ምናልባት አልቀርም ነበር። ንዴቴ ግን በዚህ የሚበርድ አልሆነም። «ደግሞ ዓይኔን እያየህ ታጽናናኛለህ!» አልኩት። አንገቱን ደፋ።

ቀለበቱንና ቁርጥራጮቹን አልኮል በነካ ጥጥ ጠርጌ፣ አድርቄ መግጠም ጀመርኩ። «ልርዳሽ» ብሎ እጁን ሲዘረጋ «እንዳትነካው!» ብዬ ጮህኩበት። በሕይወቴ እንዲህ ተናግሬው አላውቅም።

በማግስቱ ወደብ ወርጄ ካፒቴኑን «እባክዎ፣ አንዴ ብቻ ልወርውር» ብዬ ለመንኩት። ወረወርኩ። ክሩ ሳይደናቀፍ ተተረተረ፤ ክሩ ጫፍ ላይ ያለው የእርሳስ ክብደት ራቅ ብሎ፣ ያሰብኩት ቦታ ላይ ውኃው ውስጥ ገባ። ካፒቴኑ አፏጨ።

«ታዲያ ትናንት ምን ሆነሽ ነው?»

«ፍሬኑን ዘይት ነክቶት ነው።»

«ማን አስነካው?»

ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር። አባዬን እዚህ ወደብ የማያውቀው የለም፤ ዘንግ የተሰበረበት፣ ማጠንጠኛ አልሽከረከር ያለው ሁሉ ወደ እሱ ነው የሚመጣው። እንጀራው ነው። አፌን ብከፍት ከእንግዲህ ማን ዕቃውን ይሰጠዋል?

«እኔው ነኝ» አልኩ። «ሳላስተውል።»

ካፒቴኑ ራሱን ነቀነቀ። «እጅሽስ ጥሩ ነው። ግን ውኃ ላይ ዕቃዬን የሚያጸዳው ሠራተኛው ራሱ ነው። ፍሬን ላይ ዘይት የሚያፈስ ሰው መያዝ አልችልም። አትቀየሚኝ።»

ቤት ስደርስ አባዬ በሩ ላይ ቆሞ ይጠብቀኛል።

«ምን አለሽ?»

«አይሆንም አለኝ።»

ከንፈሩን መጠጠልኝ። ትንፋሹን ሲለቅ፣ ትከሻው ረገብ ሲል ግን አየሁ፤ እፎይ ብሏል። ለካፒቴኑ ምን እንዳልኩለት አልነገርኩትም። በጎኑ አልፌ ገባሁና ክፍሌን ከውስጥ ቆለፍኩ።