አንዲት እርምጃ ሲቀረን

በትምህርት ቤታችን በሩጫ የሚቀድመኝ ስለሌለ፣ ዓይነ ስውሯ ታላቅ እህቴ ለዓይነ ስውራን ውድድር መንገድ መሪዋ እንድሆን መረጠችኝ። እጅ ለእጅ በአጭር ገመድ ታስረን ልንነሳ ስንል የእህቴ አሰልጣኝ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ፣ «አደራ፣ መጨረሻው ላይ እሷ ትቅደም፤ አንቺ ቀድመሽ ከገባሽ ሁለታችሁም ትሰረዛላችሁ» አለኝ። ጉድ እኮ ነው! ዕድሜ ልኬን «ቅደሚ!» ስባል ኖሬ፣ ዛሬ ደግሞ ወደ ኋላ?

እህቴ እንደ ጥይት ተፈተለከች። ሌሎቹን ሁሉ ጥለን መጣን። የመጨረሻው ነጭ መስመር ፊቴ ድቅን ሲል ግን ግራ ገባኝና፣ እሷ ትለፍ ብዬ ቀጥ አልኩ። ገመዱ ሲይዛት እሷም ቀጥ አለች።

ሰው ሁሉ «ግቡ እንጂ!» እያለ ይጮኻል። ልሳባት ብል መቅደሜ ነው። ልግፋት ብል ብትወድቅስ? እኔ ይህን ሳሰላስል ከኋላችን የነበሩት እያለፉን ገቡ።

«ምነው ቆምን? ደረስን እንዴ?» አለችኝ እያለከለከች።

«መስመሩ ፊትሽ ነው።»

«እና?»

«አንቺ ቅደሚ ብዬ ነዋ!»

«እኔስ ዕውር ነኝ» አለች፤ «አንቺን ምን ነካሽ?»