እሳት ያላየ መጋዝ

በዚያ ዓመት ዝናቡ በሰዓቱ መጣ፤ እህሉም በሰዓቱ ደረሰ። የሞተው ዛፉ ብቻ ነው። ክረምቱ ሲገባ ለንቦቹ ነጭ ማር በሚሰጡት የማር ዛፎች ቅርፊት ላይ የአውራ ጣት ጥፍር የሚያህል ቀይ ነጥብ ታየ። ክረምቱ ሳይወጣ ነጥቡ ግንዱን እንደ መቀነት ዞረው፤ ከመቀነቱ በላይ ያለው ሁሉ ደረቀ። ሰዉ ቀይ እከክ አለው። በበጋው የታመመውን ቁረጡ የሚል ትእዛዝ መጣ። ሦስት እንጨት ሰንጣቂዎች ከጠዋት እስከ ማታ ቆረጡ፤ የተቆረጠው በቦታው ተቃጠለ። ንቦቹ ገሚሱ ሞቱ፣ ገሚሱ ተሰደዱ። በዓመቱ ከወንዙ ወዲህ አንድም የማር ዛፍ አልቆመም ተባለ።

ይህ ከሆነ ሃያ ሰባት ዓመቱ ነው። ከሦስቱ ሰንጣቂዎች ሁለቱ ሞተዋል። የቀረው ዛሬ ጠዋት ከችግኝ ጣቢያው አጥር ኋላ ቆሞ፣ በቆርቆሮው ስንጥቅ ወደ ውስጥ ያያል።

ውስጥ ያሉት ስድስት ናቸው። ራሳቸውን በጎ ፈቃደኞች ይላሉ። ሰንጣቂው ስሙን አልወደደውም። ሰው ያለ ደሞዝ አጎንብሶ የሚውለው አንድም ለጽድቅ ነው፣ አንድም ለመሬት። የጽድቁን ዓይነት በፊታቸው ላይ አላየም። መሪያቸው መምህሯ ናት፣ የጎረቤቱ የንብ አናቢው ልጅ። ባለፈው ሰኞ ቤቱ ድረስ መጥታ፣ ከማሳው ግርጌ ስላለው ጠባብ ሸለቆ ጠይቃዋለች። እሾህ ብቻ ነው ብሏታል። አመስግና ሄደች፤ ስትሄድ ግን ዓይኗ ወደ ሸለቆው ነበር። ከዚያን ቀን ወዲህ እንቅልፉ ቀለለ።

አሁን በቀጭን ምላጭ የአንዱን ችግኝ ቅርፊት ሰነጠቀች። ከትንሽ ሳህን ላይ በምላጩ ጫፍ ቀይ ነገር አንስታ ቁስሉ ውስጥ አስገባችው፤ በፕላስተር አሰረችው። ወደሚቀጥለው አለፈች።

ያን ቀይ ያውቀዋል። ሌላ ሰው ባያውቀው እንኳ እሱ ያውቀዋል።

ቤቱ ሲደርስ ሚስቱ ደጃፉ ላይ ተቀምጣ ጆንያ ትጠቅማለች።

«በሽታውን በገዛ እጃቸው ለችግኙ ይሰጡታል» አላት።

«እነማን?»

«እነ በጎ ፈቃደኛ። በዓይኔ አየሁ።»

«ሂድና ጠይቃቸዋ። በአጥር አሾልከህ ማየት ከጀመርክ ሳምንት ሞላህ።»

«ሸለቆውን ፈልገውታል።»

«ሸለቆው ውስጥ ምን አለና?»

ሚስቱ ክሩን በጥርሷ በጠሰችው።

«ሌባ እናት ልጇን አታምንም» አለች። ማንን እንዳለች አልተናገረችም፤ ጆንያውን ገልብጣ ሌላ ቀዳዳ ፈለገች።

ሰንጣቂው ተመልሶ ሄደ። በዚህኛው ጊዜ በበሩ ገባ። በሩ አጠገብ ጡረታ የወጣ ሾፌር በትንንሽ ከረጢት አፈር ይሞላል።

«ጋሼ፣ ዛሬ በበር መጡ?» አለው ቀና ሳይል። «እኔ ደግሞ አጥሩን ለምደውታል ብዬ ስንጥቁን ላሰፋልዎት ነበር።»

አልፎት ሄደ። መምህሯ ፊት ደርሶ ቆመ።

«ምንድን ነው የምትሰጫቸው?»

«በሽታውን» አለች።

አለመደበቋ ጥርጣሬውን አባሰበት። «ቤት የሚያቃጥል ሰው እንኳ እንዲህ አፉን ሞልቶ አይናገርም።»

«በሽታው እኮ ከጫካው አልወጣም፣ ጋሼ። አሮጌ ጉቶ ላይ ተቀምጦ ይጠብቃል። ደህናውን ችግኝ ወስደን ብንተክል በአራት በአምስት ዓመቱ ይይዘዋል። ስለዚህ እዚሁ እናስይዘዋለን። የሚሞተው እዚህ ይሙት። የተረፈውን እንተክላለን።»

«ስንት ተረፈ?»

«ዓምና ከአራት መቶው ሦስቱ ብቻ። ዘንድሮ ሦስቱም ታመሙ።»

«እከክ የሰጠ ጌታ ጥፍር አይነሳም ይሉ ነበር» አለ ሾፌሩ ከበሩ። «ጥፍሩ የት እንደ ወደቀ ነው የጠፋን።»

መምህሯ አልሳቀችም። «ዘራችን ሁሉ ከወንዙ ማዶ ካሉ ሁለት ዛፎች የመጣ ነው። ሁለቱም ደካማ ናቸው። በሽታውን ችሎ የቆመ ሌላ ዛፍ ካልተገኘ ክረምቱ ሲያልቅ እንዘጋለን። ቦታውንም እናስረክባለን።»

እየተናገረች ምላጩን በአልኮል በራሰ ጨርቅ ጠረገች። መጨረሻው ረድፍ ላይ ያለውን ችግኝ ሰነጠቀች፤ ቀዩን ሳትጨምርበት አሰረችው። እንደገና ጠረገች። ሌላውን ሰነጠቀች። እንደገና ጠረገች።

«ይሄንን አልሰጠሽውም» አላት።

«ይሄ ረድፍ ለማነጻጸሪያ ነው፣ ቁስሉን ብቻ ነው የሚቀምሰው። ምላጩን ካልጠረግኩት ግን ሳላውቅ እኔው አስይዘዋለሁ።»

ሰንጣቂው እጁን ኪሱ ውስጥ ከተተ።

በዚያ ዛፉ በተቆረጠበት በጋ ለሦስቱ ሰንጣቂዎችም ተነግሯቸው ነበር። አንድ ዛፍ ከጣላችሁ በኋላ የመጋዙን ጥርስ እሳት ሳታሳዩ ወደ ሌላ እንዳትሄዱ ተብለዋል። ፍም በቆርቆሮ ይዘው ይዞሩ ነበር። አንድ ቀን ቀትር ላይ ሰንጣቂው ብቻውን ሲያልፍ ንብ አናቢው ከአጥሩ ሆኖ ጠራው። አንዲት ቅርንጫፍ ቀፎዎቼ ላይ ልትወድቅ ነው፣ ስታልፍ ቁረጥልኝ አለው። በሠፈሩ እከክ ያልነካው የማር ዛፍ የንብ አናቢው ብቻ ነበር። ቆርቆሮው ውስጥ ያለው ፍም ጠፍቷል። ቅርንጫፏ ከክንድ አትወፍርም። ሰንጣቂው ደክሞታል፣ ነገሩም ውለታ ነው፤ ቆረጠለት። ውሃ ጠጣና ሄደ። በአርባ ቀኑ ቀዩ ነጥብ ወጣ፣ መጋዙ ባረፈበት ላይ፣ ሌላ የትም ሳይሆን እዚያው ላይ። ሰዉ ነፋስ አመጣው አለ። እሱም አዎ፣ ነፋስ ነው አለ።

ዛፉን የጣለው ራሱ ነው። ግንዱ ቤቱ ላይ እንዳይወድቅ ገመዱን የያዘለት ንብ አናቢው ነበር። ሲጨርሱ እግዜር ይስጥህ አለው።

«ስለ ሸለቆው ለምን ጠየቅሽኝ?» አላት።

መምህሯ ምላጩን አስቀመጠች።

«አባቴ ነው የላከኝ። ሌላ አበባ በሌለበት በዚህ ወር ንቦቼ ወደዚያ ይበራሉ ይላል። ማሩም እንደ ድሮው ነጭ ሆኗል ይላል። ዓይኑ ስለደከመ እኛ ዕድሜው ነው ብለን ዝም ብለነው ነበር።» ትንሽ ቆየች። «እርስዎ ግን እሾህ ብቻ ነው ሲሉኝ፣ አይቆጡኝና፣ አላመንኩዎትም።»

ከሩቅ የሾፌሩ አካፋ ቆመ።

«ከቀትር በኋላ አባትሽን ይዘሽ ነይ» አለ ሰንጣቂው።

«ምን አለ እዚያ?»

«እሱን ይዘሽ ነይ። ያለ እሱ አላሳይም።»

ቤቱ ገብቶ መጋዙን ከበሩ ኋላ አወረደው። ለምን እንዳወረደው በደንብ አላወቀም። ሸለቆው ውስጥ ያለውን ዛፍ አሁን ሄዶ ቢጥለው እስኪመጡ ድረስ ይጨርሳል። ጉቶ ዘሩ ከየት መጣ ተብሎ አይጠየቅም። ባይጥለው ግን ከየት አመጣኸው ይሉታል፣ ለምንስ ደበቅኸው ይሉታል፤ አንዱ መልስ ሌላውን እየጎተተ እስከዚያች ቀትር ያደርሰዋል።

«ልትቆርጠው ነው?» አለች ሚስቱ ከጓዳ።

«ምኑን?»

«ሃያ ስድስት ዓመት ውሃ የምትወስድለትን።»

የበሩ ደፍ ላይ ቆመ። ዞሮ ግን አላያትም።

ሸለቆው ጫፍ ላይ ሲደርስ አባትና ልጅ ቀድመውታል። ንብ አናቢው በአንድ እጁ ከዘራ፣ በሌላው የልጁን ትከሻ ይዟል። መምህሯ መጋዙን አይታ በአባቷና በሰንጣቂው መካከል ገባች።

«መጋዙ ምን ያደርጋል?»

«መጋዝ ይዟል?» አለ ንብ አናቢው። «ድምፁ መሰለኝ።»

«ይዣለሁ» አለ ሰንጣቂው። «ኑ።»

ቁልቁለቱን ቀስ ብለው ወረዱ። እሾሁን አለፉ። ከእሾሁ በታች፣ ሸለቆው በሚሰፋበት ቦታ፣ የማር ዛፉ ቆሟል። አብቧል። አናቱ ላይ ያለው የንብ ድምፅ የሩቅ ወፍጮ ይመስላል።

መምህሯ ጠጋ ብላ ግንዱን ዞረችው። በሰው ደረት ቁመት ላይ ቅርፊቱ አብጦ፣ እንደ ዳነ ቁስል ገጥሟል። እከኩ የዛፉን ግማሽ ዞሮ እዚያ ላይ ቆሟል።

«ይዞት ነበር» አለች። «ይዞት ለቀቀው።»

«በሰባት ዓመቱ ያዘው» አለ ሰንጣቂው። «አንድ በጋ ሙሉ ሊሞት ነው ብዬ ጠበቅኩት። አልሞተም።»

ንብ አናቢው ከዘራውን ለልጁ ሰጥቶ ሁለቱን መዳፎቹን ግንዱ ላይ ዘረጋ። እባጩን በጣቶቹ ዳሰሰ፤ ከዳር እስከ ዳር።

«ዘሩ የማን ነው?» አለ።

«ያንተው ነው። ዛፍህን የጣልኩ ቀን ከሥሩ ፍሬ ለቅሜ ነበር። አሥራ አንድ በቀለ። የቀረው ይሄ ነው።»

«ለምን ለቀምክ?»

ሰንጣቂው መጋዙን ሣሩ ላይ አስቀመጠ።

«ያቺን ቅርንጫፍ ስቆርጥልህ መጋዜን እሳት አላሳየሁትም። ፍሙ ጠፍቶ ነበር። ነፋስ አይደለም። እኔ ነኝ።»

ንቦቹ ይጮሃሉ። መምህሯ አባቷን አየች። አባቷ እጁን ከግንዱ አላነሳም።

«ገመዱን የያዝኩልህ እኔ ነኝ» አለ።

«አዎ።»

«እግዜር ይስጥህም አልኩህ።»

«ብለኸኛል።»

ንብ አናቢው ጣቱን እንደገና እባጩ ላይ አሳለፈ። ከአበባው የወደቀ ቢጫ ዱቄት ትከሻው ላይ አርፏል፤ አላየውም።

«የአንድ ዛፍ ዕዳ ነበረብኝ» አለ ሰንጣቂው። «ይኸው።»

«ንቦቹ የማን ናቸው?»

«ያንተ ናቸው። በየዓመቱ በዚያ በኩል ነው የሚመጡት።»

«እነሱ ቀድመው ተቀብለውሃላ» አለ ንብ አናቢው። ቃሉ ቀልድ ይመስላል፤ ፊቱ ግን አልተፈታም። ወደ ልጁ ዞረ። «ምን ትፈልጊያለሽ ከዛፉ?»

«ያበበ ቅርንጫፍ» አለች። «ዱቄቱን ዛሬውኑ ማዶ ወስደን በሁለቱ ዛፎች አበባ ላይ እናራግፈዋለን። አንድ ቅርንጫፍ ይበቃል። እኔ በመቀስ...»

«አንቺ አይደለሽም» አለ ንብ አናቢው። «እሱ ይቁረጠው።»

መምህሯ አባቷን አየች፣ መጋዙን አየች። ከቦርሳዋ የአልኮል ጠርሙሷን አውጥታ ለሰንጣቂው ዘረጋችለት። አልተቀበላትም። ከዛፉ ራቅ ብሎ፣ ባዶ መሬት ላይ ደረቅ ጭራሮ ሰብስቦ ክብሪት ጫረ። የመጀመሪያው ጠፋ። ሁለተኛው ያዘ። መጋዙን በእጀታው ይዞ ጥርሱን በነበልባሉ ላይ አሳለፈ፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ፣ እያንዳንዱን ጥርስ እየጠበቀ። ገልብጦ ሌላውን ጎን አሳለፈ። ብረቱ ጠቆረ፤ የጋለ ብረት ሽታ ሸለቆውን ሞላው።

ንብ አናቢው ፊቱን ወደ ሽታው አዞረ።

«ጨረስክ?» አለ።

«ገና ነኝ» አለ ሰንጣቂው፤ መጋዙን መልሶ እሳቱ ላይ አደረገው።