ቃሬዛውን የሚከተሉ

«ልጄ፣ ይበቃል» አሉ መምሬ ሸጋው። «ባዶ ቃሬዛ ደጅ ላይ ሲሰነብት ደግ አይደለም። ቤተ ክርስቲያኑን እናዙረውና ይፈታ።»

አገኘሽ ከማሽላ አገዳ በተሠራው ዳስ ውስጥ መሬት ላይ ተቀምጣ፣ አንድ እጇን በሽመል ቃሬዛው ጫፍ ላይ አሳርፋለች። ቃሬዛው ላይ ሬሳ የለም። የአባቷ የአዛናው ጋቢ በቁመቱ ልክ ተዘርግቷል፤ በጋቢው ላይ ምንሽሩ ተጋድሟል፤ በራስጌው በኩል የውኃ ቅሉ አለ። ሬሳው ከድንበሩ ማዶ፣ ሱዳን ምድር ቀርቷል።

«መምሬ፣ ይቅር ይበሉኝ» አለች። «የአባቴ ደም ሳይመለስ አይፈታም። ምያለሁ።»

«ማን ሊመልሰው? አንቺ ሴት፣ እህቶችሽ ሴቶች።»

ባሏ ጀምበሩ ከምሰሶው ሥር ተነሣ። «እኔ አለሁ» አለ።

መምሬ ሸጋው ጀምበሩን ከእግር እስከ ራሱ አዩትና ወጡ።

በዚያ መንደር ሬሳው ያልተገኘ ሰው በልብሱና በመሣሪያው ይለቀሳል። ልብሱ ቃሬዛ ላይ ይተኛል፤ በሰልስቱ አራት ሰዎች ተሸክመው ቤተ ክርስቲያኑን ያዞሩታል፤ ከዚያ ጠፍሩ ተፈትቶ፣ ሽመሉ ተበትኖ፣ ፍትሐት ይደረጋል። ጠፍሩ እስኪፈታ ድረስ ሟቹ ገና መንገድ ላይ ነው ይባላል። የአዛናው ሰልስት አልፎ ሳምንቱ እየተቃረበ ነበር። አዛናው ግን ገና መንገድ ላይ ነው።

ሴቶቹ ንፍሮ እየዘገኑ በዳሱ ጥግ ይንሾካሾካሉ።

«ውባንተ ነው አሉ።»

«ማን አየው?»

«ማን ያያል በጨለማ! የጣሊያን ቅጥር አይደለም እንዴ? ያን ሌሊት ጥበቃ ላይ ነበረ።»

«ኧረ ተይ! አዛናው ያረሰለትን ልጅ!»

«ዝም በይ፣ ትሰማለች።»

አገኘሽ ሰምታለች። አልቃሿም ሳትሰማ አልቀረችም፤ ድንገት ከመሀል ተነሥታ ሙሾውን አወረደችው።

«ሦስት ሴቶች ወልዶ ሄደ ሜዳ ለሜዳ፣
ምንሽሩም ተኛ እንደ ሰነፍ እንግዳ።»

ወንዶቹ አቀረቀሩ። የጀምበሩ ጉንጭ ሲላወስ አገኘሽ አየችው። ጀምበሩ ለውባንተ የሚያደባበትን ቀን መርጧል። የደመራ ዕለት ሰው ሁሉ ወደ አደባባይ ሲወጣ፣ ውባንተ ከሚጠብቀው የጣሊያን ኬላ በማሽላው መካከል ባለው መንገድ ብቻውን ወደ ቤቱ ይመጣል። ይህን ከአገኘሽ በቀር የሚያውቅ የለም። «ይሁን» ያለችውም እሷው ናት። ጣሊያን አንድ ቅጥረኛ ሲሞትበት መንደር እንደሚያቃጥል ታውቃለች። ባሏን የት እንደሚሰቅሉትም ታውቃለች። ሌሊት ግን እጇ ቃሬዛው ላይ ሲያርፍ ይህ ሁሉ ይጠፋና፣ አንድ የታወቀ ስም ብቻ ይቀራል። ውባንተ።

አባቷ ከደምቢያ ወርዶ ከገንዳ ውኃ ማዶ ሲሰፍር፣ ከአጥቢያ ኮከብ በቀር ሌላ ኮከብ በስሙ አያውቅም ነበር። ሌላውን ያስተማረው ኸሊፋ የሚባል የሱዳን፣ የገላባት ግመለኛ ነው። አንዱ ሰሊጥ ያመርታል፣ አንዱ በግመል ይጭናል፤ ወዳጅነታቸው ከዚያ ጀመረ። ጣሊያን መተማን ከያዘ ወዲህ አዛናው ቀን እያረሰ፣ ሌሊት ሌሊት ከደጋ የሚሸሸውን ሰው ድንበር ያሻግር ጀመር። ፋኖስ አይዝም። ጀዲ የተባለውን የሰሜን ኮከብ በቀኝ ትከሻው ይዞ ወደ ምዕራብ ይሄዳል። ሰዎቹን ከማዶ የሚቀበለው ኸሊፋ ነው።

ሦስቱ እህቶች ልጆች ሳሉ መስከረም ላይ ማማ ወጥተው ወፍ ይጠብቁ ነበር። ምሽት ላይ አባታቸው ሊወስዳቸው ሲመጣ፣ ከማማው ከማውረዱ በፊት ሰማዩን ያሳያቸዋል።

«አራት ማዕዘን የሠሩትን አያችኋቸው? ቃሬዛ ነው። ከኋላ የሚከተሉት ሦስቱ ሴቶች ልጆቹ ናቸው። ዓረቦች በናት ነዕሽ ይሏቸዋል፤ የቃሬዛው ልጆች ማለት ነው።»

«እኛ ነና!» አለች ትንሿ አሰበች።

«ቃሬዛው ላይ ማን አለ?» አለች ታይቱ።

«አባታቸው።»

አገኘሽ ፊቷን አዞረች። «አባባ፣ ሌላ ተረት ይንገሩን።»

«ቆይ፣ አላለቀም። መካከለኛይቱ ልጅ አዝላለች። ከጎኗ ትንሽ ነጥብ ትታያለች፤ እሷን የለየ ዓይኑ ጤነኛ ነው።»

«መካከለኛይቱማ ታይቱ ናት!» አሰበች በሳቅ ፈረሰች። «ታይቱ ወልዳለች! ባሏ ማን ይሆን?»

«አንቺ ውሪ!» ታይቱ በአገዳ ሸነቆጠቻት።

«ማን ገደለው?» ብላ የጠየቀችው አገኘሽ ነበረች።

አባቷ ወደ ሰሜን፣ ከአድማሱ ጥቂት ከፍ ብሎ ብቻውን የቆመ ደብዛዛ ኮከብ አሳያት። «ጀዲ ነው ይላሉ። ልጆቹ እሱን ሳንገድል አባታችንን አንቀብርም ብለው ማሉ። ይኸው ቃሬዛውን ይዘው ሲዞሩት ይኖራሉ።»

ከዚያ በጨለማው የማሽላ ማሳ ውስጥ ወደ ቤት ይወርዳሉ። አባትየው ከፊት፣ አገኘሽ የጋቢውን ጫፍ ይዛ፣ ታይቱ የአገኘሽን ቀሚስ፣ አሰበች የታይቱን።

ኸሊፋ የመጣው የጓንግ ወንዝ ጎድሎ መሻገሪያው ሲከፈት ነው። ጋቢውንና ምንሽሩን አስቀድሞ በዋናተኛ ልኮ ነበር፤ አሁን ራሱ ተምርና ስኳር በአቁማዳ ይዞ ገባ። ረጅም፣ ጢሙ የሸበተ ሰው ነው። ቃሬዛው አጠገብ ሲደርስ ቆመና የጋቢውን ጥለት በጣቱ ነካ።

«አላህ ያጥናችሁ» አለ። ተቀምጦ በመዳፉ ፊቱን ጠረገ። «አባታችሁ ኮከብ እንዳስተማርሁት ግመል መቀመጥም ላስተምረው ነበር። አልሆነም። ግመሏ ስትነሣ እሱ ምጥ እንደያዛት ሴት ይጮኻል። ‹አንተ ሰው፣ አገር ሰማ!› እለዋለሁ። ‹ከዚህስ ጣሊያን ይሻላል› ይለኛል።»

አሰበች እንባዋ እየወረደ ሳቀች። ታይቱም ጀርባዋ ላይ ያዘለችውን ሕፃን እሹሩሩ እያለች ፈገግ አለች። አገኘሽ አልሳቀችም።

«አያ ኸሊፋ፣ አንድ ነገር ይንገሩኝ። ማን መታው?»

«ሌሊቱ ደመና ነበር፣ ልጄ። ሰማይ ሲዘጋ ሰው ይቀመጣል፤ የአባትሽ ሕግ ይህ ነበር። ሰዎቹን ሣር ውስጥ አስቀምጦ ጠበቀ። ኋላ ሰማዩ ተከፈተ። ለእሱም ተከፈተ፣ ለጠባቂዎቹም ተከፈተ። ሰዎቹን ኮሩን አሻገራቸው፤ አሁን ውኃ የያዘውን ያን ፈፋ። አንዲት አሮጊት ወዲህ ቀርተው ነበርና ሊያመጣቸው ተመለሰ። አዝሏቸው ሲሻገር ተኮሱ።»

«ውባንተ ነበረ?»

«ጠባቂዎች ነበሩ። የጥይት ብልጭታ ፊት የለውም።»

«አባቴስ? አባቴ ምን አለ?»

«እኔም እንዳንቺ ጠይቄዋለሁ። ‹ማን መታህ?› አልሁት። ‹ሌሊቱ› አለኝ። ከዚያ አሮጊቷ መሻገራቸውን ጠየቀ። ተሻግረዋል አልሁት። ሌላ አልተናገረም።»

ጀምበሩ ከዳሱ ወዲያኛው ጥግ ጣልቃ ገባ። «አያ ኸሊፋ ነጋዴ ናቸው። ነገ በዚያው ኬላ ማለፍ አለባቸው። ምን ሊሉ ኖሯል?»

ኸሊፋ አልተቆጣም።

«እውነትህን ነው፣ በኬላው አልፋለሁ። ስም ብሰጣችሁ ግን ውሸት ነው። አላየሁማ።» ሁለት እጆቹን ዘረጋ። «በነዚህ ነው የቀበርሁት። ራሱን ወደ ምዕራብ፣ እግሩን ወደ ምሥራቅ አድርጌ። ‹እኛ ስንነሣ ፊታችን ወደ ምሥራቅ ነው› ብሎ አጫውቶኝ ያውቃል። እንደ እኛ ሳይሆን እንደ እናንተ ቀብሬዋለሁ።»

አሰበች ድምፅ አውጥታ አለቀሰች። አገኘሽ ቃሬዛውን አየች። አባቷ ተቀብሯል። በሥርዓቱ፣ በወዳጁ እጅ አርፏል። ያልተቀበረው እዚህ ያለው፣ እሷ በእጇ የያዘችው ነው።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ በዳሱ በር ወሬው ድንገት ተቋረጠ። ውባንተ ቆሟል። ጠመንጃ አልያዘም፤ የቅጥረኛ ልብሱን አውልቆ የገበሬ ቁምጣውን ለብሷል፤ ነጠላውን እንደ ለቀስተኛ አዘቅዝቋል። ማንም «ግባ» አላለውም።

የጀምበሩ እጅ ወደ ምንሽሩ ተወረወረ። አገኘሽ ቀድማ መዳፏን ሰደፉ ላይ ጣለች።

«በአባቴ ዳስ አይሆንም» አለች።

«ልቀመጥ አልመጣሁም» አለ ውባንተ። «ያን ሌሊት ነበርሁ። ተኩሱ ተባልን፣ ተኮስን። እኔም ተኩሻለሁ። ማንን እንዳገኘሁ አላየሁም። አልገደልሁም ብዬ መማል አልችልም። ገደልሁ ብዬም አልችልም።»

«ታዲያ ምን ልትሠራ መጣህ?» አለ ጀምበሩ።

«ልቅሶ ነዋ። ብትመቱኝም እዚሁ ነኝ። ከመንደሬ ወዴት እሄዳለሁ?»

አንዲት ሴት ተፋች። ሌላዋ «ተይ፣ ሁለት ሴቶች ልጆች አሉት» ስትል ተሰማ።

አገኘሽ ከውባንተ ጀርባ ያለውን ሰማይ አየች። መምሸት ጀምሯል። በዚያ በማማው ምሽት ተረቱ በመሐላው እንዳልቆመ ትዝ አላት። «ጀዲ ለምን አይሸሽም?» ብላ ነበር።

«ሌላው ኮከብ ሁሉ ሲሄድ እሱ ከቦታው አይነቃነቅም» አለ አባቷ። ከዚያ በሹክሹክታ፣ ለራሱ እንደሚናገር፣ «እኔ ግን አንድ ነገር አይገባኝም። ሲገድል ማን አየው? ምናልባት የከሰሱት ከቦታው የተገኘ እሱ ብቻ ስለሆነ ይሆናል። ይኸው መንገድ የሚመራኝ እሱ ነው።»

«እስከ መቼ ይዞራሉ ታዲያ?»

«ከምስር፣ ከግብፅ ወዲያ ባለው አገር ቃሬዛው ጨርሶ መሬት አይገባም ይላል ኸሊፋ። በእኛ አገር ግን ይገባል። መስከረም ላይ ተመልከቺ፤ መጀመሪያ ቃሬዛው መሬት ይገባል፤ ልጆቹ ጥቂት ቆመው ያያሉ፤ ከዚያ እነሱም ቤታቸው ይሄዳሉ። የእኛዎቹ ይቀብራሉ።»

አገኘሽ ምንሽሩን ከጋቢው ላይ አነሣች። ጀምበሩ እጁን ዘረጋ። እሷ ግን አልፋው ለአሰበች ሰጠቻት። «ቤት አግቢው» አለች። ከዚያ ልጅ ልካ መምሬን አስጠራች።

«ይነሣ» አለቻቸው።

«መሐላሽስ?» ጀምበሩ ጮኸ።

«መሐላው የእኔ ነው። አፍርሼዋለሁ። ቀኖናውን መምሬ ለእኔ ይስጡኝ።» ባሏን ቀና ብላ አየችው። «አንተንም ከቃልህ ፈትቼሃለሁ፣ ጀምበሩ። ደመራ እንደ ሰው ሁሉ አደባባይ ውጣ።»

ጀምበሩ በቁጣ ይሁን በሌላ፣ ዓይኑ እንባ ሞላ።

መሐላ ያደረበትን ቃሬዛ ማንሣት መሐላ ማፍረሱን መካፈል ነውና ወንዶቹ ተያዩ። መጀመሪያ ኸሊፋ ተነሣ። «እኔ አልማልሁም» አለ። «እስከ ደጀ ሰላሙ ልያዝለት።» ከመምሬ ጋር የመጣው ዲያቆን ሁለተኛውን ጫፍ ያዘ። ሦስተኛውን ጀምበሩ፣ ፊቱን ወደ ሰው ሳያዞር ገብቶ ያዘ። አራተኛውን ጫፍ የሚይዝ አልመጣም። አገኘሽ ራሷ ትከሻዋን አስገባች።

ባዶ ቃሬዛ ቀላል መሆን ነበረበት። ቀላል አልነበረም።

ከዳሱ ወጡ። አሰበች ምንሽሩን አስቀምጣ ተመልሳ ነበር። መንገዱ ከአድማሱ ትይዩ ወደ ሚካኤል ይወርዳል። ከሱዳን ሜዳ በላይ ሰማዩ ጠርቷል፤ ከአራቱ ከዋክብት ሁለቱ ከመሬት ገብተዋል፤ ሦስቱ ገና ከላይ ቆመዋል። አገኘሽ በመካከለኛይቱ ጎን ያለችውን ነጥብ ፈለገች። ዓይኗ አብጧልና አልታየቻትም።

ውባንተ ከመንገዱ ዳር ቆሞ ነበር። ራሱን ደፍቶ እንዲያልፉት ይጠብቃል። እጁን አልዘረጋም።

አገኘሽ ከፊቱ ስትደርስ ቆመች። ተሸካሚዎቹም ቆሙ። ትከሻዋን ከሽመሉ ሥር አወጣች። ቃሬዛው በዚያ በኩል ዘነበለ፤ ቅሉ ተንከባለለ። ውባንተ ደንግጦ ከሥሩ ገባና በትከሻው ተቀበለው።

ጀምበሩ ከወዲያኛው ጫፍ አየው። እግሩንም አነሣ፤ ሌሎቹም ተከተሉት።

አገኘሽ ቅሉን ከመሬት አንሥታ ወደ ኋላ ሄደች። ታይቱ ልጇን አዝላ፣ አሰበች ከታይቱ ቀጥላ ቆመዋል። ከፊታቸው ገባች። በግርጌ በኩል የጋቢው ጫፍ ወርዶ አፈሩን ሊነካ ነበር።

ጫፉን ያዘችና ተከተለች።